ከፎቶው ሥር ያለችው "ተ"

ለ፦ በየዜና ተቋሙ ለምትሠሩ የፎቶ አዘጋጆች በሙሉ
ጉዳዩ፦ ከፎቶ ሥር ስለምትጽፏት መስመር

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተናድጄ ነው። መጀመሪያ የተናደድኩት ግን በራሴ ነው።

በቅርቡ አንድ ፎቶ ስልኬ ላይ ገባ። አንድ ልጅ የፈረሰ ግድግዳ ጥግ ተቀምጧል። ፊቱ አቧራ ለብሷል። አያለቅስም። ካሜራውንም አያይም፤ ዝም ብሎ እጁን ያያል። አንጀቴን በላው። ከሥሩ "የጦርነት ሰለባ" ትላለች አንዲት መስመር። ሌላ ነገር የለም። እኔም አላመነታሁም። ያኔ ሰው ሁሉ ስለሚያወራው ጦርነት ሁለት የሐዘን ቃል ጨምሬበት ሼር አደረግሁት። ወዳጆቼ ከንፈራቸውን መጠጡ። የሚያለቅሱ ፊቶች ከሥሩ ተደረደሩ። ማታ ላይ አንዱ ደወለና "ያ ፎቶ እኮ የሌላ አገር ነው፤ ከተነሳም ብዙ ዓመት ሆኖታል" አለኝ። አፍሬ አጠፋሁት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላጣራ ነው ያጋራሁት። ካጠፋሁት በኋላ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ያ ፎቶ ለሌላ ጦርነት እንዴት እንዲህ ልክክ አለ? ደጋግሜ ሳስበው ነገሩ ከሥሩ ያለችው መስመር ናት። ቀን የላትም፣ ቦታ የላትም፣ ስም የላትም። ልጁን እዚያ ጥግ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ትንፍሽ አትልም። እንዲህ ያለች መስመር ከየትኛውም የመከራ ፎቶ ሥር ብትለጠፍ ትገጥማለች።

ስለዚህ ስለ ፎቶ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ፎቶውን እናንተ ታውቁበታላችሁ። የመጣሁት ስለ መግለጫው ነው።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ባለፈው ሳምንት ያወጣችኋቸውን የመከራ ፎቶዎች መግለጫ ብቻ ሰብስባችሁ አንብቡ። በአማርኛ የምትሠሩ ከሆነ አንዲት ፊደል ደጋግማ ትመጣለች። "ተ"። ተገደሉ። ተፈናቀሉ። ተቃጠለ። ተጎዱ። ይህች ፊደል ጉደኛ ናት። "ገደለ" ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢው ወዲያው "ማን?" ይላል። "ተገደለ" ስትሉት ግን ዓረፍተ ነገሩ ሞልቷል፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። ገዳዩ ከአንዲት ፊደል ጀርባ ተሸሽጎ ያልፋል። ከሁሉም የምትብሰው ደግሞ "ተራበ" ናት። የሰዋስው ሰዎች "ይቺ እንኳ እንደ ሌሎቹ አይደለችም" ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉ። እኔ የማውቀው "አስራበ" የሚል ቃል እንዳለን ነው። ከፎቶ ሥር ተጽፎ ግን አይቼው አላውቅም። በሌላ ቋንቋ የምትሠሩትም የራሳችሁን "ተ" አታጡም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን እና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያመጡት ምስል በቴሌቪዥን ታየ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዓለም አለቀሰ። በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ ላይ በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተዘፈነ፤ እርዳታ ጎረፈ። ምስሉ ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ያን ምስል ያየ የሩቅ ሰው የተረዳው ዝናብ መጥፋቱን ነው። በሰሜን ጦርነት እንደነበር አይታይም። የጊዜው መንግሥት አንድ ወር ቀደም ብሎ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በትልቅ ወጪ ድል አድርጎ ማክበሩ አይታይም። ረሃቡን ያባባሰው የሰው እጅ በምስሉ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ያን መናገር የቃል ሥራ ነው። እኛስ ብንሆን? እስከ ዛሬ "የሰባ ሰባት ድርቅ" ነው የምንለው። ዓመት አለው፣ ድርቅ አለው። ሰው የለበትም።

ይህን የቃል ሥራ አሳምሮ የሠራ ሰው ነበር። ሉዊስ ሃይን ይባላል። አስተማሪ ነበር። በ1908 የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ የሚታገል የአሜሪካ ኮሚቴ ቀጠረው። ሥራው በፋብሪካና በማዕድን ጉድጓድ የሚሠሩ ልጆችን ፎቶ ማንሳት ነው። የፋብሪካ ባለቤቶች መቼም በራቸውን ከፍተው አይቀበሉትም። አንዳንዴ የመጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ መስሎ ይገባል፣ አንዳንዴ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ነኝ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ካሜራው ሳይሆን ኪሱ ነው። ኪሱ ውስጥ ወረቀት ደብቆ፣ እጁን ሳያወጣ ይጽፋል። የልጆቹን ቁመት የሚለካው በልብሱ ቁልፎች ነው። የትኛው ቁልፍ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ቀድሞ ያውቃል። ልጁ አጠገቡ ሲቆም አናቱ የትኛው ቁልፍ ጋ እንደደረሰ ያይና ቁመቱን ያገኛል።

ከአንዱ ፎቶው ሥር የጻፈው በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፦ ሴዲ ፋይፈር፣ ቁመቷ 48 ኢንች፣ ግማሽ ዓመት ሠርታለች፤ በላንካስተር የጥጥ ፋብሪካ ከሚሠሩት ብዙ ትንንሽ ልጆች አንዷ ናት፤ ኖቬምበር 30 ቀን 1908፣ ላንካስተር፣ ሳውዝ ካሮላይና።

48 ኢንች ማለት 1 ሜትር ከ22 ሳንቲም ገደማ ነው። በቃ ይኸው ነው መግለጫው። "ምስኪን" የለ፣ "ልብ የሚነካ" የለ። እስቲ ይህን መስመር ለሌላ ልጅ አውሱት፤ እምቢ ይላል። ባለፋብሪካውም "ይህ የእኛ ቤት አይደለም" ማለት አይችልም።

ፎቶው ወጥቶ በማግስቱ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለት ደግሞ አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1916 ሕግ አወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 ሻረው። የጸናው ሕግ የወጣው በ1938 ነው፤ ሃይን ከተቀጠረ ከ30 ዓመት በኋላ። እሱ ራሱ በ1940 ድህነት ውስጥ ሆኖ ሞተ። "ዓለምን የቀየረ ፎቶ" የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር ይህ 30 ዓመት ትዝ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁትን ፎቶ ላንሳ። በዚያው አገር፣ በ1936፣ ዶሮቲያ ላንጅ ኒፖሞ በሚባል የካሊፎርኒያ ቦታ አንዲት እናት አነሳች። አተሩ በውርጭ ተበላሽቶ ለቃሚዎቹ ያለ ሥራ ሰፍረዋል። እናትየው እጇን ወደ ፊቷ አስጠግታ ሩቅ ታያለች። ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋ ላይ ተለጥፈዋል። ላንጅ እዚያ የቆየችው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዕድሜዋን ጠየቀች፤ 32። ስሟን አልጠየቀችም። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መንግሥት ለሰፈራው 20 ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም 9 ቶን ያህል ምግብ ላከ። ምግቡ ሲደርስ ግን እሷና ልጆቿ ሄደዋል።

ፎቶው ከዓለም ዝነኛ ፎቶዎች አንዱ ሆነ። የሴትየዋ ስም የታወቀው በ1978 ነው፤ ከ42 ዓመት በኋላ። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን። የቼሮኪ ተወላጅ ናት። ስለ ፎቶው ስትጠየቅ አልተደሰተችም። ባላነሳችኝ ይሻለኝ ነበር፣ አንድ ሳንቲም አላገኘሁበትም ነው ያለችው። ላንጅ ቤተሰቡ የመኪናውን ጎማ ሸጦ ምግብ እንደገዛ ጽፋ ነበር፤ ልጅየው በኋላ ሲናገር የምንሸጠው ጎማ አልነበረንም አለ። በ1983 እናትየው ታማ ስትተኛ ልጆቿ ለሕክምና የሕዝብን እርዳታ ጠየቁ። ያኔ ነው "የዚያ ፎቶ እናት ናት" የሚለው ነገር ለእሷ የጠቀማት።

ላንጅን ለመውቀስ አይደለም። ለመንግሥት ነበር የምትሠራው፤ ከፎቶው የሸጠችው ነገር የለም። ላንጅ ያቺን እናት ስታነሳ ግን የሴዲ ስም ከተጻፈ 28 ዓመት ሆኖት ነበር። እንዴት እንደሚደረግ ይታወቅ ነበር።

አንዳንድ ፎቶ ደግሞ ያለ መግለጫ ምንም ነው። ሜይ 14 ቀን 1904፣ ባሪንጋ በሚባል የኮንጎ ቦታ፣ ንሳላ የሚባል አባት በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ ሚስዮናውያኑ ቤት መጣ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው የ5 ዓመት ልጁ የቦአሊ እጅና እግር ነው። የጎማ ኩባንያው ዘበኞች ልጁንም ሚስቱንም ገድለዋቸዋል። ኮንጎ ያኔ የቤልጂጉ ንጉሥ የሊዮፖልድ የግል ይዞታ ናት። ከሚስዮናውያኑ አንዷ አሊስ ሲሊ ሃሪስ ሰውየውን በረንዳው ላይ ተቀምጦ አነሳችው። ፎቶው ውስጥ ጩኸት የለም፤ የሚሮጥ ሰው የለም። በጎን የተቀመጠ አንድ ሰው መሬት ያያል። ምን እያየ እንደሆነ ካልተነገራችሁ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ።

ሃሪስና ባለቤቷ ዝም አላሉም፤ ነገሩ። ፎቶዎቹን በፋኖስ ማሳያ እያበሩ በብሪታኒያና በአሜሪካ አዳራሽ ለአዳራሽ ዞሩ። አባትየው ንሳላ፣ ልጅቷ ቦአሊ፣ ኩባንያው ኤቢአይአር፣ የአገሩ ጌታ ሊዮፖልድ። ሁሉም በስሙ። በ1908 ንጉሡ ኮንጎን ለቤልጂግ መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። (ቅኝ ግዛቱ አላበቃም፤ ባለቤት ቀየረ እንጂ። ይህም መጻፍ አለበት።)

ወደ 1993 ልምጣ። ኬቪን ካርተር በደቡብ ሱዳን አዮድ ያነሳው ፎቶ። የተኮራመተ ሕፃን፣ ከኋላው አሞራ። ኒውዮርክ ታይምስ ማርች 26 አወጣው። አንባቢው ስልክና ደብዳቤ አዘነበ፤ ልጅቷ ምን ሆነች? ጋዜጣው ከ4 ቀን በኋላ ማብራሪያ ሰጠ። ለመራመድ በቅታለች፤ ምግብ ማደያው ጋ መድረሷ ግን አይታወቅም አለ። ካርተር በ1994 ፑሊትዘር ተሸለመ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ራሱን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚከራከረው ስለ ካርተር ነው። ለምን አላነሳትም? ለምን ታቅፎ አልሮጠም? አሞራውን አባርሬዋለሁ ብሎ ነበር፤ ማን ይስማው። በክርክሩ መሐል ልጁ ጠፋ።

"ልጁ" ያልኩት ወንድ ስለነበረ ነው። በ2011 የስፔኑ ኤል ሙንዶ ጋዜጣ ባልደረባ አዮድ ድረስ ሄዶ አባቱን አገኘ። ሕፃኑ ኮንግ ኞንግ ይባላል። ያን ቀን አልሞተም። አሞራውም አልበላውም። አድጎ፣ ከ10 ዓመት በላይ ኖሮ፣ በትኩሳት ነው የሞተው።

አሁን ፎቶውን እንደገና እዩት። እጁ ላይ ነጭ የፕላስቲክ አምባር አለ። አምባሩ ላይ "ቲ3" ተጽፏል። "ቲ" በጣም ለተጎዱ የሚሰጥ ምልክት ነው፤ 3 ደግሞ ወደ ማደያው ሦስተኛ ሆኖ መግባቱን ነው የሚናገረው። ልጁ ቀድሞውኑ ተመዝግቧል ማለት ነው። የሚያውቀው ሰው አለ፤ ተራ ይዟል። መግለጫው ከመጀመሪያው ጀምሮ እጁ ላይ ታስሮ ነበር። ዓለም ሁሉ አሞራውን አየ። አምባሩን ለማንበብ 18 ዓመት ፈጀ።

አሞራውስ ቢሆን ምን አደረገ? አሞራ ማንንም አላስራበም። በዚያ አካባቢ ያስራበው ጦርነቱ ነው። የካርቱም መንግሥት ከአማፅያኑ ጋር ይዋጋል፤ አማፅያኑ ደግሞ ለሁለት ተከፍለው እርስ በርስ ይፋጃሉ። ፎቶው ውስጥ ክፉ የሚመስለው ወፉ ስለሆነ ግን ሁላችንም ጥፋተኛ ያገኘን መሰለን። ወፍ ጠላን፤ ቀጥሎ ካሜራ የያዘውን ሰው ጠላን። ጠመንጃ የያዙት ተረሱ።

ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። "ፎቶው ሲደርሰን ማን እንደተኮሰ አይታወቅም። የሕግ ክፍሉ አለ። ከዜና ወኪል ነው የምናገኘው፤ መግለጫው ከነፎቶው ይመጣል። ደግሞ ቦታ የለም፤ ሁለት መስመር ናት።" ይገባኛል። ካልታወቀ "ማን እንዳደረገው እስካሁን አልታወቀም" ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱም ወገን ሌላውን ከከሰሰ እንደዚያው በሉ። አራት አምስት ቃል ነው። ከ"የጦርነት ሰለባ" ይልቅ ሐቀኛ ነው፤ ቀዳዳው የት እንዳለ ያሳያል። የታወቀ ቀን ደግሞ ተመልሳችሁ አስተካክሉት። የዛሬ ጋዜጣ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ከድረ ገጻችሁ ማህደር ላይ አንድ መስመር መቀየር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

መመለስ እንደሚቻል የቬትናሟ ፎቶ ምስክር ናት። ጁን 8 ቀን 1972፣ ትራንግ ባንግ፣ ናፓልም በሚባል የሚያቃጥል ቦምብ ተቃጥላ ራቁቷን የምትሮጥ የ9 ዓመት ልጅ፣ ኪም ፉክ። ብዙ ሰው ናፓልሙን የጣለው የአሜሪካ አውሮፕላን ይመስለዋል። የጣለው የአሜሪካ አጋር የደቡብ ቬትናም አየር ኃይል ነው፤ በገዛ ወገኑ ላይ። ይህ አሜሪካን ከጦርነቱ አያወጣትም፤ ግን ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ መናገር ይገባል። የፎቶው አንሺ ስም እንኳ 50 ዓመት ሙሉ ኒክ ኡት ተብሎ ኖሮ፣ በ2025 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው የፎቶ ሸላሚ ድርጅት ጥያቄ ተነሳ ብሎ ስሙን ለጊዜው አንስቶታል። የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ ደግሞ መርምሬያለሁ፣ አልቀይርም ብሏል። ማን ልክ እንደሆነ እኔ አልፈርድም። ደስ ያለኝ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ስለ አንዲት የመግለጫ መስመር ሰው መጨነቁ ነው። ለአንሺው ስም ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ ለተነሺውም ትንሽ።

(ግልጽ ደብዳቤ ይሠራል ወይ ለምትሉ፤ ይቺኑ ፎቶ ፌስቡክ በ2016 እርቃን ናት ብሎ ሲያጠፋት የኖርዌዩ አፍተንፖስተን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ለማርክ ዙከርበርግ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ በፊት ገጹ አወጣው። ፎቶዋ ተመለሰች። እኔ የፊት ገጽ የለኝም፤ ቢሆንም።)

ስም መጻፍ ሁልጊዜ ደግ ነው ብዬ ግን አልሟገትም። እዚህ ላይ እኔም እወዛገባለሁ። ጁን 16 ቀን 1976 በሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ሳም ንዚማ የ12 ዓመቱን ሄክተር ፒተርሰንን አንድ ወጣት ታቅፎት ሲሮጥ፣ እህቱ ከጎን እያለቀሰች አነሳ። ፊልሙን ካልሲው ውስጥ ደብቆ አወጣው። ፎቶው አፓርታይድን ለዓለም አጋለጠ። ንዚማ በፖሊስ ተሳደደ፣ ሥራውን ትቶ ወደ ገጠር ሸሸ፣ እዚያም የቁም እስር ጠበቀው። ታቅፎት የሮጠው ምቡይሳ ማኩቦ ደግሞ አገር ጥሎ ወጣ፤ የመጨረሻ ደብዳቤው ለእናቱ የደረሰው በ1978 ከናይጄሪያ ነው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አንድ ልጅ አንስቶ ስለሮጠ። ፊትን ማሳየትም፣ ስም መጥራትም ሰው ሊያስበላ ይችላል።

እና የተጎጂው ስም በእሱ ፈቃድና በደኅንነቱ ልክ ይሁን። የአድራጊው ስም ግን ምን ፈቃድ ይፈልጋል? እኔ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። የተፈናቀለችው እናት ፊቷ በሙሉ ብርሃን ይወጣል፤ ያፈናቀላት ወገን "ታጣቂዎች" ተብሎ በጅምላ ይታለፋል። የታመመው ልጅ አልጋው ላይ ተጋልጦ ይታያል፤ ውሃውን የመረዘው ኩባንያ "አንድ ፋብሪካ" ነው።

በጃፓን ሚናማታ ይህ አልሆነም። ቺሶ የተባለው ኩባንያ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ሲለቅ፣ ዓሣውን የበላ ሰው ነርቩ ይጎዳ ነበር። ፎቶ አንሺዎቹ ባልና ሚስት ዩጂን ስሚዝ እና አይሊን ስሚዝ በ1971 እዚያው ቤት ተከራይተው ሦስት ዓመት ኖሩ። ከእናቷ ማህፀን ተመርዛ የተወለደችውን ቶሞኮን እናቷ ስታጥባት ያነሱት ፎቶ በ1972 ላይፍ መጽሔት ላይ ወጣ። ኩባንያው በስሙ ተጠርቷል። ስሚዝ በኩባንያው ሰዎች ክፉኛ ተደብድቧል። በ1973 ፍርድ ቤት ለተጎጂዎቹ ፈረደ። ቶሞኮ በ1977 በ21 ዓመቷ ሞተች። ከዓመታት በኋላ ወላጆቿ ልጃችን ትረፍ፣ ትተኛ አሉ። አይሊንም ያኔ ፎቶው እንዳይታተም ተስማማች። አንድ ዝነኛ ፎቶ በገዛ ፈቃድ ከአደባባይ ሲወርድ እኔ የማውቀው ይህን ነው። እኔም እዚህ ከዚህ በላይ አልገልጸውም።

ቁጥር ሲያዝበት ፎቶ የት ድረስ እንደሚሄድ ደግሞ የሶሪያው "ቄሳር" አሳይቷል። የወታደራዊ ፖሊስ ፎቶ አንሺ ነበር። አለቆቹ በእስር ቤት የሞቱትን ሰዎች ሬሳ ለመዝገብ እንዲያነሳ ያዙታል። እያንዳንዱ ሬሳ ላይ ቁጥር አለ። በ2013 ከ50 ሺህ በላይ ምስል ይዞ አመለጠ። አሰቃቂ ነው፤ ግን አስቡት። ያን መግለጫ የጻፈው ገዳዩ ራሱ ነው። ቁጥሩ እስረኛው በየትኛው የደኅንነት ክፍል እጅ እንደሞተ ይናገራል። ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ፊት ከዚያ ውስጥ ለዩ። ምስሎቹ በጀርመን ኮብሌንዝ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆነው ቀረቡ፤ በጃኑዋሪ 2022 አንድ የቀድሞ የደኅንነት መኮንን የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ለሚጨክን መዝገብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ለሚያዝን ጋዜጣ ምን ያንሰዋል?

አለበለዚያ የሚተርፈን እንባ ነው። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2015 በቱርክ ቦድሩም ዳርቻ ባሕር የተፋው የ2 ዓመቱ አለን ኩርዲ ፎቶ ወጣ። ስሙ እንኳ መጀመሪያ ላይ ተሳስቶ "አይላን" ተብሎ ነው የተሠራጨው። በዚያ ሳምንት የስዊድን ቀይ መስቀል ለሶሪያ ስደተኞች የሚሰበስበው መዋጮ ብዙ እጥፍ አደገ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ወረደ። "ሰጠመ" ነው የተባለው። ያሰጠመው ባሕሩ ነው ካልን፣ በባሕር ላይ ምን ይደረጋል? ከንፈር ይመጠጣል። ቤተሰቡን ከሶሪያዋ ኮባኒ ያባረረውን ጦርነት፣ በሕጋዊ መንገድ መሄጃ ያሳጣቸውን ድንበር፣ በማትሆን ጀልባ ያሳፈራቸውን ደላላ የሚጠራ መግለጫ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ንዴታችን የሚሄድበት አድራሻ ያገኝ ነበር።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። "ተ" ስትጽፉ አንድ ጊዜ ቆም በሉ፤ ማን? ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑንና ቦታውን መግለጫው ላይ ብቻ ሳይሆን ፎቶው ፋይል ውስጥም አስገቡት፤ እንደ እኔ ያለው ችኩል ሲቆርጠው አብሮ እንዳይጠፋ። አንሺው ሲመለስ ከምስሉ በፊት ደብተሩን ጠይቁት። እና በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን ያወጣችሁትን አንድ ፎቶ ይዛችሁ ተመለሱ። የዚያ ልጅ አምባር ላይ ምን ተጽፎ ነበር?

የመጨረሻ ነገር። ያን ያጋራሁትንና ያጠፋሁትን ፎቶ ፈለግሁት። ሁለት ማታ ፈጀብኝ፤ ዋናውን ፋይል አገኘሁት። ውስጡ የተጻፈውን ከፍቼ አነበብኩ። የካሜራው ዓይነት አለ። የሌንሱ ስፋት አለ። የተነሳበት ሰዓት ከነደቂቃው አለ። የአንሺው ስምና የባለመብቱ ድርጅት አለ። "መግለጫ" በሚለው ቦታ ላይ ያው ሁለት ቃል ነው፤ "የጦርነት ሰለባ"። አሁን ሰዓቱን አውቄያለሁ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በፎቶው ውስጥ ጥላው ረጅም የሆነው ለዚህ ነው። ለድርጅቱ ጻፍኩ፤ ልጁ ማን ነው፣ ቤቱን ያፈረሰው ማን ነው፣ አሁን የት ነው ብዬ። እስከ ዛሬ መልስ የለም። ከእናንተ አንዳችሁ ያን ቀን ያን ፎቶ መርጣችሁ ከነበረ፣ አንሺው ደብተር ይዞ እንደነበር እባካችሁ ጠይቁልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ